ቃሉ ቢያመልጥም ስሜቱ ይደርሳል

አሽዶድ በ1956 የተመሠረተች የእስራኤል የወደብ ከተማ ናት (ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የከተማዋ ሰፈሮች «ሮቫ» ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ሮቫም በዕብራይስጥ ፊደል ይጠራል። ከእነዚህ አንዱ ሮቫ ቴት ነው። በዚህ ሰፈር የሚኖር አንድ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ እናስብ። አያቲቱ በጎንደር ገጠር አድገው በ1991 ወደ እስራኤል የገቡ ናቸው፤ የሚያስቡትም የሚጸልዩትም በአገራቸው ቋንቋ ነው። ልጃቸው ዕብራይስጥን በኡልፓን፣ ማለትም በአዲስ ገቢዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ጀምሮ በሥራ ቦታ አዳብሮታል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ እዚያው አሽዶድ ተወልዳ አማርኛን የምትሰማው ከአያቷ አፍ ብቻ ነው። ማታ ሦስቱም በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ያንኑ ማስታወቂያ ያያሉ። ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ነገር ግን የተለያየ ነው።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ማስታወቂያ በውስጡ ምን እንደያዘ መለየት ያስፈልጋል። ማንኛውም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው መረጃ ነው፦ የዕቃው ስም፣ ዋጋው፣ ጥቅሙ፣ የሽያጩ ውል። ሁለተኛው ስሜት ነው፦ የተሰበሰበ ቤተሰብ፣ የሚስቅ ሕፃን፣ የሚያባባ ዜማ፣ የሚያኮራ ፊት። መረጃ የሚጓዘው በቋንቋ ነው። ስሜት ግን በምስል፣ በዜማና በፊት ገጽታ ስለሚጓዝ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ዘንድም ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የተሻገረ ቤተሰብ የማስታወቂያን አሠራር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው የሚታዩት በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነውና።

ከመረጃ ወደ ስሜት

በአሜሪካ የመጀመሪያው ሕጋዊ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተላለፈው ሐምሌ 1 ቀን 1941 በኒው ዮርክ ነው። የቡሎቫ ሰዓት ማስታወቂያ ነበር፤ የአገሪቱን ካርታና አንድ ሰዓት ከማሳየት ያለፈ ነገር አልነበረውም። የዕቃው ስም ከታወቀ ሥራው አለቀ ማለት ነበር።

ይህ አካሄድ ብዙም አልቆየም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሰው ከሚፈልገው በላይ ማምረት ጀመሩ። የአንዱ ኩባንያ ሳሙና ከሌላው ሳሙና፣ የአንዱ ቡና ከሌላው ቡና እምብዛም አይለይም። ዕቃዎቹ ሲመሳሰሉ በመረጃ ብቻ ገዢን መሳብ ያስቸግራል፤ «የእኔ ይሻላል» ለማለት የሚያበቃ ልዩነት የለምና። ስለዚህ ልዩነቱ ከዕቃው ውጪ መፈጠር ነበረበት። እሱም የተፈጠረው በገዢው ስሜት ውስጥ ነው።

በዚህ ጊዜ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ወደ ንግዱ ገቡ። ከእነርሱ በጣም የታወቀው ከቪየና ወደ አሜሪካ የተሰደደው ኧርነስት ዲክተር ነው። እሱና መሰሎቹ ያስፋፉት ሥራ የግፊት ጥናት ይባላል። ሰው አንድን ዕቃ ለምን እንደሚገዛ በቀጥታ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ረጅም ጭውውት በማድረግ ራሱም ያላስተዋለውን ምክንያት መፈለግ ማለት ነው።

ጋዜጠኛው ቫንስ ፓካርድ ይህን አሠራር በ1957 ባሳተመው «ስውሮቹ አግባቢዎች» በተሰኘ መጽሐፉ ለሕዝብ ገለጠው። ማስታወቂያ ሠሪዎች የሚያነጣጥሩባቸውን ስምንት የስሜት ፍላጎቶችም ዘረዘረ። ሰው ስጋት አልባ ኑሮ ይፈልጋል። ዋጋ ያለው መሆኑ እንዲነገረው ይፈልጋል። ኩራቱ እንዲረካ፣ በእጁ አንድ ነገር እንዲፈጥር፣ የሚወደው ነገር እንዲኖረው፣ ኃይል እንዲሰማው ይሻል። ሥር፣ ማለትም የመጣበትን ቤትና ዘር የሚያስታውስ ነገር ይፈልጋል። በመጨረሻም ከሞት በኋላ የሚቀር ነገር እንዲኖረው ይመኛል።

ከፓካርድ ምሳሌዎች ሁለቱ ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው የፍሪዘር ነው። ፍሪዘር ሲገዛና በኤሌክትሪክ ሲሠራ የሚጠይቀው ወጪ ሲታሰብ ለብዙ ቤተሰብ አያዋጣም ነበር። ሰዎች ግን ይገዙታል። ጥናቱ እንዳመለከተው በምግብ የተሞላ ፍሪዘር ቤት ውስጥ መኖሩ ከጦርነቱ ዘመን ሥጋት በኋላ የመረጋጋት ስሜት ይሰጥ ነበር። ሁለተኛው የሞገን ዴቪድ ወይን ነው። ይህ ጣፋጭ የአይሁድ ወይን በ1950ዎቹ ማስታወቂያውን በድሮው ቤትና በሴት አያት እጅ ትዝታ ላይ አቆመው፤ ፓካርድ እንደዘገበው ሽያጩ በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ትዝታው የተሸጠው ከአውሮፓ በመጡ ቤተሰቦች በተሞላች አገር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የሥር ፍላጎት አጥብቆ የሚሰማው ከሥሩ የራቀ ሰው ነው።

ሁለት ታሪኮች የተገናኙበት ጊዜ

በእስራኤል አጠቃላይ የቴሌቪዥን ስርጭት የጀመረው በ1968 ነው። ለብዙ ዓመታት የነበረው የመንግሥት ጣቢያ ብቻ ሲሆን የንግድ ማስታወቂያ እንደዛሬው አይተላለፍበትም ነበር። ይህን የለወጠው በንግድ ማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደረው ቻናል 2 ነው። ጣቢያው መደበኛ ስርጭቱን የጀመረው በኅዳር ወር 1993 ነው። በ2017 ለሁለት ተከፍሎ ዛሬ ቻናል 12 እና ቻናል 13 የሚባሉት ጣቢያዎች ወጡ።

ይህን ዘመን ከቤተ እስራኤል የጉዞ ታሪክ አጠገብ እናስቀምጠው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በተካሄደው ዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገቡ። በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓዙ። ዘመቻ ሰሎሞን ካበቃ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የእስራኤል የንግድ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። ከገጠር የመጣው ትውልድ አዲሱን ቋንቋ ገና ፊደል በሚቆጥርበት ጊዜ፣ አገሪቱም በስሜት የሚሸጥ ቴሌቪዥንን ገና እየለመደች ነበር።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ1964 ጀምሮ ቢኖርም የገጠሩን ቤት አልደረሰም ነበር። ስለዚህ ለብዙዎቹ የዘመቻ ሰሎሞን ተጓዦች በየማታው ቤታቸው የሚገባው የመጀመሪያው ማስታወቂያ የእስራኤሉ ሆነ። በገበያ ነጋዴን ፊት ለፊት እያዩ፣ ዕቃውን እየዳሰሱና እየተከራከሩ መግዛት የለመደ ሰው፣ የማይከራከሩት ሻጭ ቤቱ ድረስ መጣበት።

የንግድ ጣቢያ አሠራርም መታወቅ አለበት። ጣቢያው ለተመልካቹ ፕሮግራም በነፃ ይሰጣል፤ ገቢውን የሚያገኘው የተመልካቹን ትኩረት ለአስተዋዋቂ በመሸጥ ነው። ዋጋው የሚተመነውም በተመልካች ብዛት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ የሚዘጋጀው ለብዙኃኑ ቋንቋና ልማድ ነው። አነስተኛ ቁጥር ያለው ማኅበረሰብ፣ ተለይቶ ካልተፈለገ በቀር፣ ለሌላ ሰው የተዘጋጀውን ይመለከታል።

ስሜት ከዕቃ ጋር የሚታሰርበት መንገድ

ስሜትን ከዕቃ ጋር ለማሰር ማስታወቂያ በዋናነት ሦስት መንገዶችን ይጠቀማል።

የመጀመሪያው ማጣመር ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ ውሻ ምግብ ሲያይ ምራቁ እንደሚወርድ ያውቅ ነበር። ምግቡን ከመስጠቱ በፊት ደጋግሞ አንድ ድምፅ ሲያሰማው ውሎ አድሮ ውሻው ድምፁን ብቻ ሰምቶ ምራቁን ማውረድ ጀመረ። ማስታወቂያም አስቀድሞ ደስ የሚያሰኝን ነገር፣ ለምሳሌ የልጅን ሳቅ፣ ከአንድ ዕቃ ጋር ደጋግሞ ያሳያል። ከጊዜ በኋላ ዕቃው ብቻውን ሲታይ የዚያን ደስታ ጥቂት ይቀሰቅሳል።

ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው። በፖላንድ የተወለደው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ዛዮንስ በ1968 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች የማያነቡትን የቻይና ፊደል የሚመስል ምልክት አሳያቸው። አንዳንዱን ምልክት ብዙ ጊዜ፣ ሌላውን ጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ የምልክቶቹ ትርጉም ጥሩ ይሁን መጥፎ እንዲገምቱ ሲጠየቁ፣ ደጋግመው ያዩትን መልካም ትርጉም ያለው አድርገው ገመቱ። ማንበብ ሳይችሉ መላመዱ ብቻ መውደድን አመጣ። ዕብራይስጥ ማንበብ ለማይችሉት አያት ይህ ግኝት ቀጥተኛ ትርጉም አለው፦ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ እጃቸው የሚዘረጋው በየማታው በቴሌቪዥን ወዳዩት ቀለምና ሥዕል ነው።

ሦስተኛው የሁለት መንገዶች ጉዳይ ነው። ሪቻርድ ፔቲና ጆን ካሲዮፖ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1980ዎቹ እንዳብራሩት፣ የማግባቢያ መልእክት ወደ ሰው አእምሮ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ዋናው መንገድ ነው፦ ሰው ክርክሩን ሰምቶ፣ መዝኖ፣ ይቀበላል ወይም ይጥላል። ሌላው የዳር መንገድ ነው፦ ሰው ክርክሩን ሳይመዝን በተናጋሪው መልክ፣ በዜማው ወይም በምስሉ ይሳባል። ሰው ዋናውን መንገድ የሚከተለው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፤ የማሰብ ፍላጎትና የማሰብ አቅም። አቅም ሲባል ብልህነት ብቻ አይደለም፤ ጊዜ፣ ትኩረትና ቋንቋንም ይጨምራል።

በቴል አቪቭ የተወለደውና በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የኖቤል ተሸላሚ ዳንኤል ካህነማንም ተመሳሳይ ሐሳብ በሌላ አነጋገር አስፍሯል። አእምሮ ፈጣንና ዝግተኛ የአስተሳሰብ ዘዴ አለው፤ ፈጣኑ በስሜትና በልማድ ይፈርዳል፣ ዝግተኛው ያሰላል። ሠላሳ ሰከንድ የሚቆይ ማስታወቂያ የተሠራው ለፈጣኑ ነው፤ ዝግተኛው ማስላት ሳይጀምር ሌላ ማስታወቂያ ይተካል።

ቤት፣ ክብር፣ ተስፋ፣ ሥጋት

አሁን ይህ አሠራር በየትኞቹ ፍላጎቶች ላይ እንደሚውል እንመልከት።

ከሁሉ የሚቀድመው ቤት ነው። በእስራኤል የትኑቫ ኮቴጅ አይብ ማሸጊያው ላይ የአንድ ትንሽ ቤት ሥዕል አለ፤ የማስታወቂያው መሪ ቃልም ለረጅም ዘመን በዚሁ ቤት ላይ የተመሠረተ ነበር። አይብ እንደ ምግብ ከተወዳዳሪው ብዙም አይለይም። ማስታወቂያው የቁርስ ገበታን፣ ከሩቅ የመጣ ልጅን፣ እናትን ያሳያል፤ አይቡ የዚያ መሰባሰብ ምልክት ይሆናል። የተጣመረው ዕቃና ስሜት ለአገሩ ተወላጅ የልጅነት ትዝታ ነው። ለአዲስ ገቢ ግን ሌላ ትርጉም ይጨምራል፦ ይህን የገዛ ቤት የአገሩን ሰው ቤት ይመስላል። የአያቲቱ የልጅ ልጅ «እንደ ጓደኞቼ ቤት» ብላ ስትጠይቅ የምትፈልገው ከምግቡ ይልቅ መመሳሰሉን ነው።

ሁለተኛው ክብር ነው። ሰው ዋጋ እንዳለው ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ የራሱን መልክ በአደባባይ ማየት ነው። ለብዙ ዓመታት የእስራኤል የንግድ ቴሌቪዥን ማስታወቂያ ውስጥ ጥቁር ፊት በብዛት አይታይም ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለውጥ መጣ። ሐጊት ያሶ በ2011 ታላቁን የዘፈን ውድድር «ኮኻቭ ኖላድ» አሸነፈች። ይትይሽ አይናው በ2013 ሚስ እስራኤል ተብላ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ሆነች። እንዲህ ያለ ፊት በስክሪን ላይ ሲታይ ለወጣቱ የሚሰጠው ስሜት እውነተኛ ነው። የማስታወቂያው ሥራ ይህን እውነተኛ ስሜት ወስዶ ከልብስ ወይም ከስልክ ጋር ማጣመር ነው። አክብሮቱ የመጣው ከሴቶቹ ስኬት ነው፤ የሚከፈልበት ግን ዕቃው ነው።

ሦስተኛው ተስፋ ነው። በ1951 የተመሠረተው ሚፋል ሃፓይስ የተባለው ብሔራዊ ሎተሪ በማስታወቂያው የዕጣውን የማሸነፍ ዕድል አያሰላም፤ «ቢሆንስ?» የሚለውን ሕልም ያሳያል። ሕልሙ ለደስታ የሚከፈል ትንሽ ዋጋ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ያው ሕልም ዕዳ ላለበትና ሌላ መውጫ ለማይታየው ሰው ከመዝናኛነት አልፎ እቅድ ይመስላል።

አራተኛው ሥጋት ነው። ካህነማንና የሥራ ባልደረባው አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እንዳሳዩት፣ ሰውን መቶ ሰቅል (የእስራኤል ገንዘብ) ማጣት የሚያሳምመው መቶ ሰቅል ማግኘት ከሚያስደስተው ይበልጣል። ኢንሹራንስና የቤት ጥበቃ ድርጅቶች በዚህ ላይ ይሠራሉ። የመንግሥት የአገልግሎት ማስታወቂያም፣ ለምሳሌ ስለ መንገድ አደጋ የሚነገረው፣ ሥጋትን ይጠቀማል። ነገር ግን ሥጋት ሁልጊዜ አያግባባም። ኧርቪንግ ጃኒስና ሲይሞር ፌሽባክ በ1953 ተማሪዎችን ስለ ጥርስ እንክብካቤ በሦስት የማስፈራት ደረጃ አስተምረው ነበር፤ ምክሩን በተሻለ የተከተሉት ከሁሉ ባነሰ ደረጃ የፈሩት እንጂ እጅግ የፈሩት አልነበሩም። በጣም የፈራ ሰው፣ የሚያደርገው ነገር ካልተነገረው፣ ጆሮውን ይዘጋል።

ከአገር ቤት የሚመጣው ማስታወቂያ

በሮቫ ቴት ያሉት አያት የሚያዩት የዕብራይስጥ ቴሌቪዥንን ብቻ አይደለም። በሳተላይትና በኢንተርኔት የአገር ቤት ጣቢያዎችን ማየት ይቻላል፤ ከእነዚህ ውስጥ በ2008 የተመሠረተው ኢቢኤስ እና የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ በ2016 ሥራ የጀመረው ቃና ይገኛሉ። እዚህ የቋንቋ ግድግዳ የለም፤ የሥር ፍላጎት ግን በሙሉ ኃይሉ ይሠራል።

ለውጭ ነዋሪ የሚነገሩት ማስታወቂያዎች ተደጋጋሚ ቅርጽ አላቸው። የገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅት እናትን ያሳያል፤ የላከው ልጅ ድምፅ በስልክ ይሰማል። የአፓርታማ ሻጭ «አገር ቤት ቤት ይኑርህ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። የበዓል ማስታወቂያ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ቤት፣ የሚፈላ ቡና፣ ከውጭ የመጣ ልጅ ሲያቅፉት ያሳያል። የሚነካው ስሜት አንድ ነው፦ ርቀት የፈጠረው ጉድለት። ገንዘብ መላክ ጉድለቱን በከፊል በእርግጥ ይሞላል፤ እናት የሚደርሳት ነገር አለና። ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ላይ ቀብድ መክፈል ግን ጉድለቱን መሙላቱ የሚወሰነው በምስሉ ሳይሆን በውሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነጥብ አለ። የአገር ቤት የበዓል ማስታወቂያ በአብዛኛው የክርስቲያን በዓላትን፣ ገናንና ፋሲካን፣ መሠረት ያደርጋል። ለቤተ እስራኤል አያት የቡናው ጢስ፣ የገበታው አቀራረብና የተራራው መልክ የራሳቸው ነው፤ በዓሉ ግን የራሳቸው አይደለም። የእርሳቸው በዓል ሲግድ ነው፤ በ2008 በእስራኤል ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኖ የታወቀው። ስለዚህ በአማርኛ የሚናገረው ማስታወቂያ ትዝታቸውን በከፊል ብቻ ይነካል፤ በዕብራይስጥ የሚናገረው ደግሞ እምነታቸውን ሲጋራ ትዝታቸውን አያውቀውም። የትኛውም ማስታወቂያ ሙሉ በሙሉ ለእርሳቸው የተዘጋጀ አይደለም።

ፈጣኑ ዓረፍተ ነገር

የእነዚህ ሁሉ አሠራሮች ውጤት ጎልቶ የሚታየው በብድር ማስታወቂያ ላይ ነው። የብድር ማስታወቂያ በመጀመሪያ ሰርግ፣ የታደሰ ቤት፣ አዲስ መኪና ወይም የዕረፍት ጉዞ ያሳያል። ምስሉ ዝግ ያለ፣ ዜማው የሚያረጋጋ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በፍጥነት ይነበባል፤ ብድሩን በጊዜው አለመክፈል የውዝፍ ወለድንና የሆጻአ ላፖዓልን፣ ማለትም የፍርድ ማስፈጸሚያ ቢሮን፣ ርምጃ ሊያስከትል እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ማስጠንቀቂያው ተመልካቹን ለመጠበቅ የተቀመጠ ነው። የሚጠብቀው ግን ፈጣን ዕብራይስጥንና የሕግ ቃላትን መከታተል የሚችለውን ነው። ፔቲና ካሲዮፖ ባሉት መንገድ ብናየው፣ ማስጠንቀቂያው የሚጓዘው በዋናው መንገድ ነው፤ ሰርጉና ዜማው ግን በዳር መንገድ። ዕብራይስጥ የማይችሉት አያት የመጀመሪያው መንገድ ተዘግቶባቸዋል፤ ሁለተኛው ግን ክፍት ነው። ስለዚህ ስሜቱን ሙሉ በሙሉ ይረከባሉ፣ ሚዛኑን ግን አያገኙም። ይህ የማስተዋል ጉድለት አይደለም። እኒያው አያት በአማርኛ ውሉ ቢነበብላቸው ወለድ ምን እንደሆነ፣ መያዣ ምን እንደሚያስከትል ጠንቅቀው ይጠይቃሉ።

በብዙ አዲስ ገቢ ቤቶች ይህን ክፍተት የሚሞላው ልጅ ነው። ደብዳቤውን፣ የባንኩን ወረቀት፣ የሐኪሙን ቃል የሚተረጉመው እርሱ ነው። ማስታወቂያውንም እንዲሁ። ይሁንና ልጅ ራሱ ለማስታወቂያ በጣም የተጋለጠ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የባለሙያዎች ቡድን በ2004 እንዳስታወቀው፣ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሊያግባባቸው የተዘጋጀ መሆኑን በአግባቡ አይረዱም፤ የሚነገራቸውን እንደ እውነት ይወስዳሉ። በዚህም ምክንያት በአንድ ቤት ውስጥ ቋንቋ ያለው ሰው ልምድ የለውም፣ ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ቋንቋ የለውም። ማስታወቂያ ይህን ሁኔታ አልፈጠረውም፤ ግን በመካከሉ ይገባል።

የማስታወቂያ አቅም ወሰን

እስካሁን የተባለው ማስታወቂያን ሁሉን ቻይ ሊያስመስለው ይችላል። ማስረጃው እንዲህ አይልም። በ1957 ጄምስ ቪካሪ የተባለ አሜሪካዊ፣ በፊልም መካከል ዓይን በማያየው ፍጥነት ጽሑፍ በማሳየት የኮካ ኮላና የፈንዲሻ ሽያጭ እንደጨመረ ተናገረ። ዓለም ደነገጠ። በ1962 ግን ራሱ ጥናቱ በቂ መሠረት ያልነበረው ማስመሰያ መሆኑን አመነ። ማስታወቂያ ሰውን ያለ ፈቃዱ የሚያንቀሳቅስ ስውር ኃይል አይደለም፤ ቀድሞ ያለ ፍላጎትን ያገኛል፣ ይሰይማል፣ ከዕቃ ጋር ያጣምራል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር፣ ፍላጎቱ በእውን ሕይወት ሲቆስል ምስሉም አብሮ መውደቁ ነው። በ2011 የኮቴጅ ዋጋ ወደ ስምንት ሰቅል ሲቃረብ እስራኤላውያን በፌስቡክ ተጠራርተው መግዛት አቆሙ፤ ኩባንያዎቹም ዋጋ ቀነሱ። ዋጋቸው የጨመረ ሌሎች ምግቦች ነበሩ። ሕዝቡ ኮቴጅን መምረጡ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ለዓመታት የሁሉም ቤት ምልክት ተብሎ የተነገረለት ዕቃ ከብዙ ቤት አቅም በላይ ሲሆን፣ የተገነባው ስሜት ወደ ቁጣ ይዞራል።

ሌላው ምሳሌ ከቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። በጥር 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ፣ ከትውልደ ኢትዮጵያውያን የተለገሰ ደም ለጋሾቹ ሳያውቁ ይጣል እንደነበር ዘገበ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም ተቃውሞ ወጡ። ደም ልገሳን የሚያበረታታ መልእክት በየትም አገር የሚቆመው «ሁላችን አንድ ነን» በሚል ስሜት ላይ ነው። የአንድነቱ ምስል ይህን ዜና በሰማ ቤት ውስጥ የሚያስነሳው ስሜት ከሌላው ቤት ይለያል። እንግሊዝ አገር የሠራው የባህል ምሁር ስቱዋርት ሆል በ1973 እንዳስረዳው፣ መልእክት የሚጠናቀቀው በተቀባዩ ዘንድ ነው፤ ተቀባዩም መልእክቱን በኖረው ሕይወት ይፈታዋል።

ሕግም ወሰን ያበጃል። በኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጠቅላላ መመሪያ አስቀመጠ፤ ቀጥሎም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከለከለ። ከዚያ በፊት ዋልያ፣ ሐበሻ፣ ዳሽን፣ ጊዮርጊስ የሚሉ ስሞች ያሏቸው ቢራዎች አገርን፣ ማንነትን፣ ተራራንና ቅዱስን እየጠሩ በየበዓሉ ማስታወቂያ ይወዳደሩ ነበር። በእስራኤልም የትምባሆ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አይፈቀድም፤ በአልኮል ላይም ገደብ አለ። ሕጎቹ የሚያነሱት ዕቃውን ነው። ስሜቱ ግን ይቀራል፤ ከቢራ የተላቀቀው የአገር ኩራት በማግስቱ ከባንክ ወይም ከስልክ ኩባንያ ጋር ሊጣመር ይችላል። ስለዚህ ሕግ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም።

ፍርዱ

ማስረጃው ተሰብስቦ ሲታይ ወደ ስሜት የሚናገር ማስታወቂያ ሁሉ ማታለያ ነው ማለት አይቻልም። የመቀመጫ ቀበቶ እሰሩ የሚለው ማስታወቂያ የልጅን ፍቅር ይጠቀማል፤ ቀበቶውም ልጁን በእርግጥ ይጠብቃል። እናቱን የሚረዳ ልጅ ምስልም በእውነተኛ ርዳታ ሊደመደም ይችላል። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ የቀረበው ዕቃ የተነካውን ፍላጎት ያሟላል? ማስታወቂያው ቤተሰብን ካሳየና ዕቃው ብድር ከሆነ፣ ብድሩ ቤተሰቡን ያሰባስባል ወይስ ይበትናል? ማስታወቂያው ክብርን ካሳየና ዕቃው ጫማ ከሆነ፣ ክብሩ ጫማው ሲያረጅ ይቀራል? ይህን ጥያቄ መጠየቅ ፍላጎቱን መናቅ አይደለም። ቤት፣ ክብር፣ ሥርና ተስፋ መፈለግ የሰው ተፈጥሮ ነው፤ ፍላጎቱን ከዕቃው መነጠል ለፍላጎቱ የበለጠ ክብር መስጠት ነው።

ጥያቄውን ለመጠየቅ ግን ሰው የመልእክቱን ሁለቱንም ክፍሎች ማግኘት አለበት። ስሜቱ ለሁሉም በሚደርስበት፣ ማስጠንቀቂያው ግን ቋንቋ ለሚችል ብቻ በሚደርስበት አሠራር ሸክሙ የሚወድቀው በትንሹ አቅም ባለው ላይ ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱን በተመልካቹ ንቃት ላይ ብቻ መጣል ትክክል አይደለም። ብድር፣ ኢንሹራንስና የዕጣ ጨዋታ ለሕዝብ ሲቀርቡ፣ የሚያስሩት ውል በአማርኛ፣ በትግርኛና በሌሎች የአዲስ ገቢዎች ቋንቋዎች በዝግታ መነገር ይኖርበታል። ካን ረቃን የመሳሰሉ በአማርኛ የሚያሰራጩ የሕዝብ ጣቢያዎች ስላሉ መንገዱ ከዜሮ አይጀመርም። ትምህርት ቤቶችም ለቤተሰባቸው የሚተረጉሙ ልጆችን ማስታወቂያ እንዴት እንደሚሠራ ቢያስተምሩ፣ ትምህርቱ በልጁ በኩል ለወላጁና ለአያቱ ይደርሳል።

በቤት ውስጥም የሚሠራ ነገር አለ። ልምድ በአያት ዘንድ፣ ቋንቋ በልጅ ልጅ ዘንድ ካለ፣ ሁለቱ ማስታወቂያውን አብረው ሲያዩና ልጅቷ ቃሉን ስትተረጉም፣ አያቲቱም «ለመሆኑ ካልተከፈለ ምን ይሆናል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ማስታወቂያው የነጣጠላቸው መረጃና ስሜት በአንድ ቤት ውስጥ እንደገና ይገናኛሉ። የዚያን ጊዜ የሚወሰነው ግዢ፣ ቢገዛም ባይገዛም፣ የቤተሰቡ የራሱ ውሳኔ ይሆናል።